ባለ ቀይ ጠርዟ ካርድ

እኛ ካርድ ክፍል ውስጥ የምንሠራ ሰዎች ዝናብ እንጠላለን። ዝናብ ሲሆን ካርዱ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ይሰነቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቁርጥራጭ መልቀም ነው። ያን ዕለትም ሲዘንብ አድሮ ስለነበር ጠዋት ስገባ ብሎኔ መለያ ማሽኑን ፈታትቶ ወለሉ ላይ ዘርግቶት አገኘሁት። ብሎኔ የማሽኖቹ ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጣንለት ከኪሱ ብሎን ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው፤ ከየትኛው ማሽን እንደተረፈ ግን እሱም አያውቀውም።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ብሩሹ አልቆ ነው፤ በአዲስ ቀይሬዋለሁ። አሁን እንደ ሙሽራ ነው የሚሮጥልሽ።»

«ሙሽራ ትሮጣለች እንዴ?»

«የኔዋ ሮጣለች» አለና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

ሥራችን ላላየው ሰው አስቸጋሪ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። በከተማው የተከተበ ልጅ ሁሉ እኛ ዘንድ አንድ ካርድ አለው። ስም አይጻፍበትም። የልጁ ቁጥር፣ ዕድሜው፣ የተወጋው መድኃኒት ከየትኛው እሽግ እንደወጣ፣ ሁሉም በቀዳዳ ነው የሚነገረው። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ዓምድ አለው፤ በዓምዱ ላይ አራት ቁጥር ከተበሳ አራት ነው፣ ሰባት ከተበሳ ሰባት ነው። መለያ ማሽኑ አንዱን ዓምድ በብሩሽ እየዳሰሰ ቀዳዳ ሲያገኝ ካርዱን ወደየኪሱ ይወረውራል፤ አራት የሆኑት ወደ አራተኛው ኪስ፣ ሰባት የሆኑት ወደ ሰባተኛው። እሱን ለፍላፊው እንለዋለን፤ አንዴ ከጀመረ ሰው ጆሮ ውስጥ ሌላ ድምፅ አያስገባም። ሁለተኛው ማሽን የተለዩትን ካርዶች አንብቦ ቁጥራቸውን በወረቀት ላይ እየዘረዘረ ያትማል። ይኼኛው ከመጀመሩ በፊት ስለሚያስለው ሽማግሌው ተብሏል።

የኔም ልጅ ካርድ እዚያው ውስጥ ነው። እኔው ነኝ የበሳሁት። ያን ጊዜ የላይኛውን ጠርዝ በቀይ እርሳስ ቀባሁት። ክልክል ነው፤ ግን ያ ሁሉ ካርድ ተደርድሮ ከላይ ሲታይ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ትታየኝ ነበር፤ «ይቺ ደግሞ የኔ ናት» እላለሁ በሆዴ። ልጄ ሚጣ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር ስለሆነ ቀን ቀን እናቴ ዘንድ ትውላለች።

ረፋድ ላይ በሩ ተበረገደና ዶክተሩ ገባ። ከኋላው የክፍላችን ኃላፊ ቶሎቶሎ ተከትሎታል። ቶሎቶሎ ስሙ አይደለም፤ ከአፉ የማይጠፋው ቃል ነው። ዶክተሩን ከዚህ በፊት ወደ እኛ ምድር ቤት ሲወርድ አይቼው አላውቅም። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነበር።

«ስሙኝ» አለ። «በዚህ ሳምንት ከተሰጠው ክትባት ሰባት ቁጥር እሽግ ተበላሽቷል። የተወጉት ልጆች መመረዝ ጀምረዋል። መጀመሪያ ያተኩሳቸዋል፣ ቀጥሎ አንገታቸው አልቆም ይላል፣ ከዚያ…» እጁን አወራጨና ተወው። «ማርከሻ አለን፤ ግን ጥቂት ነው። ለጤነኛ ልጅ ከተሰጠ ደግሞ ራሱ መርዝ ነው። ስለዚህ ሰባት ቁጥር የተወጉትን፣ እነሱን ብቻ፣ ቁጥራቸውን አውጡልኝ። መኪኖቹ ውጪ ቆመዋል።»

«ቶሎ! ቶሎ በሉ!» አለ ቶሎቶሎ።

ሚጣ የተከተበችው በዚያው ሳምንት ነው፤ ካርዷን ስበሳ ግን የእሽጉን ቁጥር ልብ አላልኩትም። የሳምንቱ ካርድ ከሣጥኖቹ ወጥቶ ፊቴ ተደረደረ፤ ቀይዋ መስመር ከመሐል ትታየኛለች። ጎትቶ ማውጣትና እሽጉን ማየት የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ቶሎቶሎ አጠገቤ ስለቆመ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ውሸቴን ነው፣ ፈርቼ ነው። ማሽኑ ይንገረኝ ብዬ ተውኩት። ሰው ክፉ ነገር ሲመጣበት ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማው ይሻለዋል፤ ሌላ ሰው ባይኖር ከማሽን።

ለፍላፊውን ወደ እሽጉ ዓምድ አዞርኩትና ለቀቅኩት። ካርዶቹ ተንጫጩ። ዓይኔ ከሰባተኛው ኪስ ላይ አልነሣ አለ። እጄ ካርዱን ከክምሩ እያነሣ ማሽኑ ላይ ይጨምራል። ሰባተኛው ኪስ ሞላ። ነጭ ነው። እንደገና ሞላ፤ አሁንም ነጭ ነው። በመጨረሻ ቀይዋን መስመር አራተኛው ኪስ ውስጥ አየኋት።

አራት! ነፍሴ መለስ አለች። እትዬን ልስማት ምንም አልቀረኝ። እትዬ ከሁላችንም አንጋፋዋ ናት፤ ሽማግሌው የእሷ ነው፣ ከእሷ በቀር ለማንም በደንብ አይታዘዝም።

«ምን ያስቅሻል በዚህ ሰዓት?» አለችኝ።

«ሚጣዬ ተርፋለች፣ እትዬ። አራት ላይ ወደቀች።»

«እሰይ! እልል ልበልልሽ እንጂ። በይ አሁን ሰባቶቹን አምጪልኝ፣ የሰው ልጅ እየሞተ ነው።»

ካርዶቹን ከሰባተኛው ኪስ ታቀፍኳቸው። እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለን። ከተለየ በኋላ ካርዶቹን አስተካክለን ወደ መስኮት አንሥተን እናያቸዋለን። ሁሉም ሰባት ከሆኑ ሁሉም ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ቦታ ነው፤ ብርሃን ከወዲያ ወዲህ ይሾልካል። አንድ እንኳ የተሳሳተ ካርድ ከገባ ይጨልማል። ብርሃን ማሳየት እንለዋለን።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ቶሎቶሎ። «ለእትዬ ስጪያትና ታትም!»

«ብርሃን አላሳየሁም።»

«ማሽኑ ዛሬ ጠዋት ነው የተጠገነው! ቶሎ!»

ያ ነው ያስፈራኝ። የተጠገነበት ቀን መሆኑ። ካርዶቹን ይዤ መሐል ላይ ቆምኩ። ባላነሣቸው ልጄ አራተኛው ኪስ ውስጥ ተኝታለች፤ ጤነኛ ናት፣ ማሽኑ ብሏል፣ የሚከራከረኝ የለም። ባነሣቸውስ? ምን በወጣኝ? እውነቱን ለመናገር አንድ እርምጃ ወደ እትዬ ተራመድኩ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ውስጤን ወጋው። ማሽኑ ተሳስቶ ከሆነ ተርፋለች የሚለው ወሬም አብሮ ውሸት ነው፤ እኔ ባላየውም ልጄ ሰውነት ውስጥ ያለው ነገር መሥራቱን አይተውም። ወደ መስኮቱ ሄጄ እፍኝ የሚሆኑትን አነሣሁ።

የእሽጉ ዓምድ ጨለማ ነበር። ድቅድቅ ያለ ጨለማ። ከጎኑ፣ የዕድሜው ዓምድ ላይ፣ ሰባት ቁጥር ላይ፣ ብርሃኑ ፏ ብሎ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ብሎኔ ብሩሹን ሲያስር በአንድ ዓምድ አዛንፎታል። ማሽኑ መርጦ ያወጣልን መርዝ የተወጉትን ሳይሆን ሰባት ዓመት የሆናቸውን ነው። ሚጣ አራተኛው ኪስ የገባችው አራት ዓመቷ ስለሆነ ብቻ ነው።

«አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ብቻ ዶክተሩ ከወንበሩ ሲነሣ፣ ቶሎቶሎ ብሎኔን ሊጠራ ሲሮጥ ትዝ ይለኛል። ማርከሻውን ለጤነኛ ልጆች ልንልከው ነበር። ብሎኔ እየሮጠ መጣና ተንበርክኮ ብሩሹን ፈታ። ማንም አልሰደበውም፤ ጊዜም አልነበረንም።

እሱ ሲያስር እኔ ወደ አራተኛው ኪስ ሄድኩ። ቀይዋን ጠርዝ በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብኳት። አሁንም ማየቱን አልቻልኩም። ዓይኔን ጨፍኜ የእሽጉን ዓምድ በጥፍሬ እየዳሰስኩ ወረድኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ለስላሳ ነው፣ ለስላሳ ነው። ሰባት ላይ ጥፍሬ ገባ።

ካርዷን ከሌሎቹ ጋር መልሼ ጨመርኩና ለፍላፊውን እንደገና ለቀቅኩት፤ ቀይዋ መስመር አሁን ሰባተኛው ኪስ ላይ ስትወድቅ በዓይኔ አየኋት። ብርሃን አሳየሁ፤ ሾለከ። ሁሉም ሰባት ናቸው።

ዶክተሩ ስልክ ላይ ነበር። «ያለውን በዝርዝሩ ተራ መስጠት ጀምሩ» ሲል ሰማሁት። «ከላይ ወደ ታች፣ እስኪያልቅ። ሌላ ሣጥን በመኪና እየመጣ ነው፤ መንገዱ ግን በጎርፍ ተቆርጧል፣ መቼ እንደሚደርስ አናውቅም።»

ከላይ ወደ ታች። እስኪያልቅ።

ካርዶቹን ወደ ሽማግሌው እየወሰድኩ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ቀይዋን ከመሐል መዘዝኩና ከሁሉም በላይ አደረግኋት። ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጌ አስተካከልኩ። ስለ ሌሎቹ እናቶች አላሰብኩም፤ አስቤ ነበር ብል ማን ያምነኛል? እትዬ እጇን ስትዘረጋ «እኔው ላስገባው» አልኳት፤ ፊቴን አየችኝና ገለል አለችልኝ። ካርዶቹን አስገባሁ። ሽማግሌው አሳለና ማተም ጀመረ።

የመጀመሪያው ቁጥር የሚጣ አይደለም። ሁለተኛውም አይደለም። ወረቀቱ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አነበብኩ፤ ቀና ስል ቀይዋ መስመር አሁንም ከላይ ተቀምጣለች፣ ከሥሯ ያሉት ካርዶች እየተመዘዙ እሷ ቀስ እያለች ትወርዳለች። ማሽኑ ከታች ነው የሚያነሣው። ሁልጊዜም ከታች ነው የሚያነሣው! አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ይኼንን ነው፤ ለፍላፊውን ስሞላ የዋልኩት ይኼንኑ እያየሁ ነው። ፍርሃት ያንን ሁሉ ከጭንቅላቴ አጥቦ ወሰደውና ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ማመልከቻ እንደሚያስቀምጥ ሰው ከላይ አደረግኋት።

እጄ ወደ ማቆሚያው ሄደ። ምን ብዬ ላቁመው? ደቂቃ ሳይሞላ የመጨረሻው ቁጥር ታተመ፤ የልጄ ቁጥር ነው። ዶክተሩ ወረቀቱን ቦጭቆ በረረ።

እኔም እግሬ አውጪኝ አልኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። እናቴ ቤት ስደርስ ሚጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጨርቅ አሻንጉሊቷን ታስተኛለች።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አለችኝ።

ግንባሯን ዳበስኩ። ትኩስ ነው።

«ከረፋድ ጀምሮ ትንሽ አተኩሷታል» አለች እናቴ። «ጥርስ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ…»

«በአራት ዓመቷ ምን ጥርስ፣ እማ!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ሲቆጨኝ ነው የኖረው፤ ምን ታድርግ እሷ። ቁጥሯ የተጻፈበትን የክትባት ወረቀቷን ከመሳቢያ አውጥቼ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ሮጥኩ።

የሆስፒታሉ መተላለፊያ በእናት ተሞልቷል። መኪኖቹ በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ቁጥሩን በድምፅ ማጉያ ጠርተው ነው ሰውን የሰበሰቡት። ነርሷ በር ላይ ቆማ ከዝርዝሩ አንድ ቁጥር ትጠራለች፤ አንዷ «አቤት!» ብላ ትነሣለች፣ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቁጥሮቹን እሰማለሁ። ተራውን ከእኔና ከነርሷ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ያዘጋጀሁት በገዛ እጄ ነው። ሚጣ ጭኔ ላይ ዝም ብላለች። ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ ዝም ስትል ሆዴ ባባ፤ ተናገሪ እላታለሁ፣ ቀና ብላ ታየኝና መልሳ ትጋደማለች።

ከብዙ ጥሪ በኋላ ነርሷ ባዶ ሣጥን ይዛ ወጣች። «አልቋል» አለች። «የቀራችሁ ጠብቁ። ሌላው እየመጣ ነው።»

መተላለፊያው ውስጥ የቀረነው ከዝርዝሩ ግርጌ ያለነው ነን። አጠገቤ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀሚሷ ላይ ክርና የጨርቅ ቅዳጅ ተለጣጥፏል፣ ከሥራዋ ላይ ተነሥታ ነው የመጣችው። የያዘችው ወንድ ልጅ ራሱን መሸከም አቅቶት ክንዷ ላይ ወደ ኋላ ወድቋል። ቀጣዩ ተራ የእሷ ነበር፤ ማርከሻው ያለቀው ቁጥሯ እንደተጠራ ነው።

«ዝርዝሩን የሠራውን ሰው ባገኘው!» አለች ድንገት፣ ለሁላችንም። «ከላይ የተጠሩት የነማን ልጆች መሰሏችሁ? የራሱን ልጅ አስቀድሞ፣ የዘመዱን፣ የጎረቤቱን፣ የኛን ከታች ወረወረው።»

«እውነትሽን ነው» አሉ ከወዲያ ወዲህ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። አፌ ላይ መጣልኝ፤ መያዝ አልቻልኩም።

«ምኑን ነሽ?»

«ዝርዝሩን ያወጣሁት። ካርድ ክፍል ነው የምሠራው።»

ሁሉም ዞሩብኝ። ይመቱኛል ብዬ ሚጣን ወደ ደረቴ ጠበቅ አደረግኋት። ነርሷ መጥታ የልጄን ወረቀት ከእጄ ወሰደችና ከዝርዝሩ ጋር ስታስተያይ ቆየች።

«ይቺ እኮ የመጨረሻዋ ናት» አለች። «ከሁሉም መጨረሻ።»

አንድ አባት ባርኔጣውን አወለቀ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ተለዋወጠና ማልቀስ ጀመረች። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ምላሴን ይቁረጠው። የራስሽን ልጅ መጨረሻ አድርገሽ…»

«አይደለም!» አልኩ። «ስሙኝ፣ ላስቀድማት ነበር። ከላይ አድርጌያት ነበር። ማሽኑ ከታች ነው የሚያነሣው፤ ደንግጬ ነው የተሳሳትኩት።»

«ተይ እንጂ!» አለ ባርኔጣውን የያዘው። «ሌላው ሰው ቢሆን በጋዜጣ ያስወጣዋል፤ እሷ ትደብቀዋለች።»

«እውነቴን ነው የምላችሁ!»

«እሺ፣ እሺ፣ የኔ እናት» አለች አንዲት ትልቅ ሴት ትከሻዬን እየደባበሰች፣ ሕፃን እንደምታባብል። ማንም አላመነኝም። ፈርተዋል፤ በዚያ ሰዓት አንድ ጥሩ ሰው አጠገባቸው እንዲኖር ፈልገዋል፣ አገኘን ብለው ያዙኝ።

ውጪ መኪና ቆመ። ነርሷ ሣጥኑን አቅፋ እየሮጠች ገባች። ሣጥኑ ትንሽ ነው፤ ሁላችንም ትንሽነቱን አየን። «ለሁሉም ይብቃ አይብቃ አላውቅም» አለች። «ተረኛው ማነው?»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ከፍ አለች። ከዚያ ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳም ተቀመጠች።

«እሷ ትግባ» አለች። «እሷ ትቅደም። ይገባታል።»

«ይገባታል» አሉ ሌሎቹ።

አይሆንም ለማለት አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት የሚጣ ራስ ከደረቴ ላይ ተንሸራተተ፤ ቀና ላደርገው ስል አንገቷ አልጸና አለኝ። ተነሣሁ። ልብስ ሰፊዋ እንዳልፍ ጉልበቷን ሰበሰበችልኝ፤ የልጇ እጅ ተንጠልጥሎ ቀሚሴን ነካኝ። ዓይኗን ሳላይ አለፍኳትና ገባሁ፤ በሩንም ከኋላዬ ዘጋሁት።